ለሴቶች አመራር ሲባል ስለተቆለፈው ቢሮ

ይድረስ ለተከበሩ የምግብ ማቀነባበሪያ ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በሴቶች ሳምንት መክፈቻ ላይ ስለ እኛ ብቃት ሲናገሩ ደጋግመው ውሃ መጎንጨትዎን አይቼ፣ ያ የተከበረ ጉሮሮ እንዳይታወክ ስሰጋ ከርሜአለሁ። የእኛን የጠየቁ እንደሆነ ደህና ነን። ከነበርንበት ቦታ ሳንነቃነቅ ደህና ሆነን ከርመናል፤ ይህም እንዳንነቃነቅ እርስዎ ባደረጉልን ጥንቃቄ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ መባሌ አይቀርም።

ይህን የምጽፍልዎ ቀማሿ ነኝ። ከማድረቂያ ክፍል የሚወጣውን ሁሉ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ቀምሼ “ይሁን” ወይም “አይሆንም” የምል፣ ምላሴ እንዲቀምስ ተቀጥሮ እንዲናገር ያልተፈቀደለት ሠራተኛ ማለት ነው። ጉዳዬ የማድረቂያ ክፍሉ ኃላፊነትና ይህ ኃላፊነት የተነፈጋት መሐንዲስ ነች። እርስዎ “ተጠባባቂዋ” ይሏታል፤ እኛ “አለቃ” እንላታለን። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደበላለቅብዎ በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ አለቃን ክፍሉን እንድትመራ አዘዟት፤ ቢሮውን ግን “ባለቤቱ እስኪመጣ” ብለው አስቆለፉት። አዲሱ ወንበር ፕላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ በጨለማ ሲከበር፣ እሷ ከማድረቂያው ጎን የቲማቲም ሳጥን ገልብጣ እዚያ ላይ ተቀምጣ ክፍሉን መራችልዎ። በዚህ ቤት ወንድ ሲሾም ሹመቱ ጠዋት ወጥቶ ቁልፉ ከሰዓት በፊት ይደርሰዋል፤ ሴት ስትሾም ግን ወንበር ያልለመደ ወገብ እንዳይታመም በማሰብ ተጠባባቂ ትባላለች። ገበሬው ገዢ ሲያጣ መንገድ ዳር የሚደፋውን ቲማቲም በገለባ እሳት ሙቀት የሚያደርቀውን መሣሪያ የሠራችው እዚያው ሳጥኑ ላይ ሆና ነው። ቢሮ ቢሰጧት ኖሮ ስብሰባ ለስብሰባ ስትንከራተት መሣሪያውም ሳይሠራ ይቀር ነበርና፣ የፈጠራዋ ዋና ደጋፊ የእርስዎ ጓጉንቸር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ደግነቱ ቢሮው በሴቶች ሳምንት ተከፈተ። የአበባውና የፊኛው ማስቀመጫ ቸግሮ ነበር።

ሁለተኛ፤ የሴቶችን ሳምንት ላዘጋጀው ኮሚቴ ምስጋና ይድረሰው። አባላቱ በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ምነው ብለን ስንጠይቅ ሰብሳቢው እናንተን ከሥራ ላለማስተጓጐል ነው ብለውናል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከወላጅ አባትም አይገኝም።

ሦስተኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል፣ መቀመጫዎም ስለሚመች ይታገሡኛል። በበዓሉ ዕለት እንግዶች መሣሪያውን ሊያዩ ሲመጡ፣ የተከተፈው ቲማቲም ገና ጠዋት መግባቱ ነበር። አለቃ እስከ ነገ ጠዋት ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት፣ ከተጣደፈ ላዩ ጠንክሮ ውሃውን ውስጡ እንደሚቆልፈው በትሕትና አስረዳችዎ። እርስዎ ግን እንግዳ እስከ ነገ ቆሞ አይጠብቅም አሉና፣ ፎቶ አንሺው ደህና አድርጎ መቆሙን አረጋግጠው፣ የሙቀቱን ማስተካከያ በገዛ እጅዎ እስከ ጥጉ አዞሩት። እሷ ደግሞ ያው ነጭ ጋውን ያምርባታልና ትሪ ይዛ ከጎንዎ እንድትቆም ተደረገ። ቲማቲሙም ታዘዘልዎ፤ ከሰዓት በኋላ ላዩ ደርቆ ተገኘ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ “የሴቶች የእጅ ፍሬ” የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ከረጢት ታሽጎም ለእንግዶች ታደለ። እኔ አንዷን ቀምሼ ይህ ነገር ከቤት እንዳይወጣ ብዬ ምክትልዎን ብለምን፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “እትዬ፣ ዛሬ በዓል ነው፤ ነገ ቅመሺ” አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላው ከረጢቱ ሁሉ ጢም አበቀለ። ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚሻግት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያን ጊዜ በዓይናችን አየን፤ የማዕከሉን የሴቶች ድጋፍ ዕቅድ ላነበበ ሰው ግን እምብዛም አዲስ አልነበረም።

አራተኛ፤ የኃላፊነቱ ቦታ በመጨረሻ ለውድድር በመውጣቱ አመሰግናለሁ። የእኔ መቅመሻ ክፍልና የስብሰባው ክፍል የሚለያዩት በአንድ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ቃለ መጠይቁን ሳልፈልግ ሰማሁት፤ እውነቱን ለመናገር ፈልጌም ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ የተጠየቀችው ስለ ሻገተው ከረጢት ነበር። በዚያ ቀን ክፍሉን ይመራ የነበረው ማን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ጠየቋት። “እኔ ነኝ፤ እሳቱን የጨመሩት ግን እርስዎ ነዎት” አለች። ቀጥሎ፣ ገጠር ስትወጪ ሕፃኑን ማን ይይዘዋል ተባለች። አባቱ ብላ መለሰች። ሸንጎው በሙሉ ሳቀ። አንደኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው “የኔ እህት፣ ቁም ነገር ላይ እኮ ነን” አሏት። እሷም ቁም ነገር ላይ ነበረች።

ከእሷ ጋር የተወዳደሩት የስምሪት ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ አንድ ሊትር ነዳጅ ያለ ክርክር ስለማያሳልፉ ሾፌሮቹ “ጋሼ ፍሬን” የሚሏቸው። የልጆች አባት ናቸው፤ ልጆቻቸውን ማን እንደሚይዝ የጠየቃቸው አልነበረም። የተጠየቁት መቼ መጀመር እንደሚችሉ ነው። ሁለቱም ከወጡ በኋላ ከሸንጎው አንዱ፣ ኅሊና ቆጥቆጧቸው መሆን አለበት፣ ሥራውን የምታውቀው እሷ አይደለችም እንዴ ቢሉ፣ እርስዎ የመለሱትን መልስ እስካሁን እየደጋገምኩ አጣጥመዋለሁ፦

“ለዚህ እኮ ነው። እሷን ከሾምናት ሥራውን ማን ይሠራዋል?”

በሙያ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጣዕም ገጥሞኝ አያውቅም።

ጋሼ ፍሬን ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ሹመቱ እሳቸውንም እንደ መብረቅ ነው የመታቸው። ቁልፍ በተረከቡ ማግስት በጠዋት መጥተው፣ ከአለቃ ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆመው፣ “እናትዬ፣ ዛሬ ምን ብዬ ልዘዝሽ?” ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷም የሚያዟትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ሳይሳሳቱ አዘዟት።

ውሳኔው ሲነገራት አለቃ ታለቅሳለች ብለው ጸሐፊዎ መሐረብ ይዛ እንድትጠብቅ ማድረግዎን ሰምተናል፤ እግዜር ይስጥልን። አላለቀሰችም። በዚያው ሳምንት የመጨረሻውን ትሪ አውጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ጋውኗን ምስማሩ ላይ ሰቅላ ወጣች። መሣሪያዋን የገዛው የቲማቲም አምራች ሴቶች ማኅበር ፋብሪካችንን ምሪልን ብሎ ሲለምናት ከርሞ ነበር፤ እሷ ግን ይህን ቤት ትታ መሄድ ስላላስቻላት፣ የእርስዎን ውሳኔ ልስማ እያለች ስታቆያቸው ኖራለች። እርስዎ በአንድ ፊርማ ገላገሏት። ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ከማዕረጓ በፊት የሚለጠፍ ሌላ ቃል የለም። ከሥሯ ያሠለጠነቻቸው ሁለቱ ሴት ቴክኒሻኖችም ተከትለዋታል። የሴቶችን አመራር በተግባር ያሳደገ ዳይሬክተር ይሸለም ከተባለ ምስክርነቴን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ ሦስት ሴቶችን በአንድ ሳምንት ለቁም ነገር ያበቃ ሌላ ሰው አላውቅም።

የሚቀጥለው የሴቶች ሳምንት እስኪደርስ ዕድሜና ጤና፣ ፎቶ አንሺና ጭብጨባ እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ ከተቀመጡበት ከፍታ ላይ ሆነው የሚታይዎ ከሆነ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

እስከ ትናንት ድረስ የማዕከልዎ ቀማሽ የነበርኩ፣
አራተኛዋ።

ሳልረሳው፦ ዛሬ ጠዋት ጋሼ ፍሬን እዚህ ማኅበሩ ፋብሪካ ደጃችን መጥተው ሥራ ጠይቀዋል። አለቃም የማኅበሩን የጭነት መኪኖች የሚያሰማራ ሰው ስለሚያስፈልጋት ወዲያው ቀጥራቸዋለች፤ ሰው የሚችለውን ሥራ ሲይዝ ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ መጥተው ቢያዩ ደስ ይልዎታል። ስለዚህ የማድረቂያ ክፍሉ ቦታ እንደገና ክፍት ነው። ማስታወቂያውን ሲለጥፉ “ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ” የምትለዋን መስመር እንዳይረሱ፤ የቀረችልዎ ሴት መኖሯን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።