ደጅ የቆመው ኮት

ዳንግላ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይድረስ ኮንጎ ለዘመተው ወንድሜ ለአበረ፤

እንደምን ከርመሃል? ከስፌት መኪናዬ ሳል በቀር እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከልጆቹ ጋር የአሻንጉሊት ቲያትር ማቋቋሜን ስገልጽልህ በታላቅ ኩራት ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀርከሃ ላይ እየሰካን ቁርጥራጭ ጨርቅ አለበስነው። ለጭቃ ሹሙ አሻንጉሊት ራስ ባዶ ቅል ልክ ሆነለት። ልጅህ ሸጋ ግን «አባዬ ትልቅ ነው» ብላ፣ ትተኸው የሄድከውን ኮት በተመሳቀለ ቀርከሃ ላይ ሰቅላ ደጅ አቆመችው።

የሁሉንም ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት። የኮቱ ተራ ሲደርስ ዝም አለች።

«አባትሽ አይናገርም እንዴ?» አልኳት።

«ቆይ ጋሼ፣ እየሰማሁት ነው።»

ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም፤ እጅጌው ግን ቀስ ብሎ ተነሣ።

ይኸኔ ጎረቤታችን ምህረቴ ከገበያ ስትመለስ ኮትህን ተገትሮ አየችው። ሩቅ አገር የቀረ ሰው ልብሱ ለልቅሶ እንደሚወጣ ታውቃለህ። ዘንቢሏን ጥላ «ወይኔ አበረ!» እያለች ደረቷን ደቃች። መንደሩ ዋይታዋን ተከትሎ መጣ፤ ቲያትራችን ያን ያህል ተመልካች አገኛለሁ ብሎ አላሰበም!

«ኧረ የልጆች ጨዋታ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሚስትህ ያለምወርቅ ወጥታ ኮቱን አየችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ኮቱን አውርጄ አጥፌዋለሁ። እሷ ግን ነጠላዋን እስካሁን አላቀናችም።

አንድ መስመር ብትሆንም በራስህ እጅ ጻፍልን።

ምህረቴ እያፈረች ሰላም ብላሃለች። ሸጋም እጅህን ስማለች፤ የኮትህን እጅጌ ማለቴ ነው።

ወንድምህ ቢሻው