ስድስት ቀን ከኋላሽ

ሬክስዴል፣ ቶሮንቶ
እሑድ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1989 ዓ.ም.
(በእናንተ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 7 ቀን 1997)

ናዝራዊት ልጄ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሰላምታው ይደርሳል። መጥቼ ነበር። አውስትራሊያ፣ ዳርዊን ድረስ መጥቼ፣ አንቺ በምታስጎበኚበት መንገድ አምስት ቀን ተጉዤ ነው የተመለስኩት። ቢሮ ለምትሠራው ልጅ ብጣሽ ወረቀት ትቼልሽ ነበር፤ ሰው እያየኝ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ግን «መጥቼ ነበር፣ አባትሽ» ከማለት በቀር ምንም የለባትም። ከረጅሙ ጉዞሽ ስትመለሺ ይህኛው ፖስታ ሣጥንሽ ውስጥ ይጠብቅሽ ብዬ ዛሬ ቁጭ አልኩ። አሁን እንግዲህ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው። አንቺ በደብዳቤሽ «ነሐሴ 10 ጠዋት ቢሮው በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ቦታ ይዤልሃለሁ» ብለሽ ጻፍሽ። በአማርኛ፣ በገዛ እጅሽ። እኔም የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ከግድግዳ አውርጄ አየሁና፣ ነሐሴ 10 ማለት ኦገስት 16 ነው ብዬ ትኬቴን ቆረጥኩ። ለካ አንቺ ኦገስትን ነው ነሐሴ ያልሽው! በአሥራ አንድ ዓመቷ ከአገሯ የወጣች ልጅ እንዲህ ልታደርግ እንደምትችል መጠርጠር ነበረብኝ። እናትሽ ይህን ስትሰማ «ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ቀን መቁጠር አቃተው» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ቆየት ብላ ደግሞ አለቀሰች።

አርብ ከሰዓት በኋላ ደርሼ ቢሯችሁ ገባሁ። ልጅቷ «ናዝ? ዛሬ ጠዋት ወጣች እኮ! ወደ ኪምበርሊ ነው የሄደችው፣ ለስድስት ሳምንት» አለችኝ። በስልክ ትገኚ እንደሆነ ብጠይቅ፣ አንቺ ያለሽበት ስልክ የሚባል ነገር የለም አለች። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ወሬዋን ቀጠለች። «ባለፈው እሑድ አባቷን ስትጠብቅ መኪናውን አርባ ደቂቃ አቆመችው። ናዝ እኮ ሰው አትጠብቅም፤ ያረፈደ ይቀራል ነው የምትለው።» አባቷ እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

በዚያ አርባ ደቂቃ ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። አባዬ ዛሬም አልማረኝም ብለሻል። ከአራት ዓመት በፊት የሲድኒውን ዩኒቨርሲቲ ትቼ የቱሪስት መኪና እነዳለሁ ብለሽ ስትደውዪ፣ «እኔ የታክሲ መሪ የጨበጥኩት አንቺ እንዳትጨብጪ ነው!» ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን እንኳ ለእናትሽ ትደውያለሽ እንጂ እኔን አትጠሪኝም። አሁን ስትጋብዢኝ እናትሽን አብረን እንሂድ ብላት «አንተ ነህ የተጣላሃት፣ አንተው ታረቃት» ብላ ቀረች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዋናው ነገር፣ ቀን ተሳሳትኩ እንጂ አልቀረሁብሽም ለማለት ነው። ካላመንሽኝ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ያልሄደ ሰው ይህን አያውቅም።

በማግስቱ ከሚወጣው መኪና ጋር አስገቡኝ። አስጎብኚው ያ ግሬም የሚሉት ቀይ ጢም ነው፤ ስድሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፣ ከቁምጣ በቀር ልብስ ያለው አይመስለኝም። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ እኔ ከክራባት ጋር። ሊችፊልድ የሚባለው ፓርክ ስንደርስ ሁላችንንም ከመኪና አወረደና ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነ በጣታችሁ አሳዩ አለን። ዘጠኛችንም ዘጠኝ ቦታ ጠቆምን። ዓይናችንን ስንገልጥ ፊታችን ሜዳ ሙሉ ኩይሳ ቆሟል፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ስስ፣ ሁሉም ጠርዙን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አድርጎ! ምስጥ ኮምፓስ አላት እንዴ? የቀትር ፀሐይ ጎናቸውን እንዳትመታው ነው አለ ግሬም። ቀጠለና «ይህን ጨዋታ ያመጣችው ናዝ ናት። ትንሽ ልጅ ሆና አባቷ ከአውቶቡስ በወረዱ ቁጥር ሰሜን የት ነው እያለ ያስለቅሳት ነበር» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴን ግን ወደ ኩይሳው አዞርኩት።

ቅዳሜና እሑድን በዳቦና በፍራፍሬ አለፍኩ፤ ሰኞ ምሳ ላይ ግን የባሰ መጣ። ፍልሰታ ነው፤ እነሱ ሥጋና ቋሊማ እየጠበሱ ነው። ጾሜን እንዴት አድርጌ በእንግሊዝኛ ላስረዳ ብዬ ስጨነቅ፣ ግሬም ራሱ መጣና «ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ትክክል ነኝ?» አለኝ። ማን ነገረህ አልኩት። «አባቷ መሆንህን ቢሮ ነግረውኛል፤ ናዝም በዚህ ወር እንዲህ ናት። ውኃ ግን ትጠጣለህ፤ ከእሷም ጋር በየዓመቱ የምንጣላው በውኃ ነው። እዚህ ሙቀቱ ሰው ይገድላል።» ትንሽ ተከራከርኩና ጠጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከመኪናው ሆድ አንዲት ድስት አወጣ። ክዳኗ ላይ በሚስማር «የጾም» ተብሎ ተጭሯል። ሥጋ እንዳይነካት ብለሽ ለብቻዋ ያስቀመጥሻት ናት፤ ቃሉን ማንበብ ባይችሉም አንቺ በሌለሽበት እንኳ ማንም አይነካትም አለኝ። ምስር ሠራልኝ። ስቀምሰው በርበሬው እኛ እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ የምንገዛው ነው! ጣሳውን ባነሳ የእናትሽ እጅ ጽሑፍ አለበት። ለአራት ዓመት ከጀርባዬ በርበሬ ስትልክ ኖራለች፤ ብጠይቃት «ኮርፎ የተቀመጠ ሰው በርበሬ ምን ያደርግለታል» አለችኝ።

ልጄ፣ እኔ ጾሙንም እኛንም ጥላ ሄዳለች ብዬ ነበር የምኖረው። ያችን ድስት ራሴ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቦታዋ መለስኳት።

የምጠይቅሽ ብዙ አለኝ። አንድ ወንዝ በመኪና ልንሻገር ስንል ግሬም ቆሞ ሌላ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ፤ አዞ ስላለ በእግር ገብቶ ጥልቀቱን መለካት አይቻልም አለ። ሌላ መኪና ካልመጣስ? አንቺ በምን ታውቂዋለሽ? ያ ቢጫ ውኃ በሚሉት ቦታ በጀልባ ስንሄድ አዞው አፉን ከፍቶ የተኛው ለምንድነው፤ ሊበላ ነው ወይስ ሙቀቱን ሊያበርድ? ግሬም አንድ ነገር ነገረን፣ አብራን የነበረች ጀርመናዊት ሌላ ነገር አለች፤ እኔ አንቺ የምትዪውን ነው የማምነው። ካካዱ በሚባለው ፓርክ ዓለቱ ላይ የተሳለው ዓሣ አጥንቱ ሳይቀር ከውስጥ ይታያል፤ ሥዕሉን አንዳንዱን ብቻ እንጂ ሁሉንም ለእንግዳ ማስረዳት አይፈቀድም ሲሉ ሰማሁ፣ የአገሩ ነባር ባለቤቶች ለአንቺ የትኛውን እንድትናገሪ ፈቀዱልሽ? ደግሞ ሸራ ውስጥ ተጠቅልለሽ መሬት ላይ ስትተኚ እባብ አትፈሪም? እኔ ሁለት ቀን ፈራሁ፤ በሦስተኛው አንኮራፋህ ብለው ከሰሱኝ።

አገር ቤት ሳለሁ ሦስት ወር ስለ ወንዝ አስተምሬ፣ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው ወንዝ ተማሪዎቼን አንድ ቀን አልወሰድኳቸውም ነበር። ይህን እዚያ ዓለት ላይ ተቀምጬ አሰብኩ።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር። ለአራት ዓመት ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ፣ ሲድኒ ሕክምና ትማራለች እያልኩ ነበር። ከዋሸኋቸው ሁሉ በላይ የሚያምነኝ አብሮኝ ታክሲ የሚነዳው ዓለማየሁ ነው። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት «ተሻገር፣ አውስትራሊያ ሄደህ ነበር አሉ! ዶክተሯ እንዴት ናት? ግራጁዌት አደረገች?» አለኝ። እናትሽ የያዘችውን ሻይ አስቀምጣ አየችኝ።

«ዶክተር አይደለችም» አልኩት። «ሆናም አታውቅም። እኔ ነኝ ስዋሽህ የኖርኩት። ልጄ ሹፌር ናት።»

«ሹፌር? እንደኛ?»

«እንደኛስ አይደለችም። እኛ ሰውን ከኤርፖርት ሆቴል እናደርሳለን። እሷ የምትነዳበትን መንገድ አይቼው መጣሁ፤ እኔ አልችለውም።»

አፈርኩ፤ ግን ቀለለኝ። ዓለማየሁ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ሳበና «እስቲ ንገረኝ፣ አዞው ምን ያህላል?» አለ። ሌሎቹም መጡ። ስለ ኩይሳው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ድስቷ፣ አዳራሹ እስኪዘጋ አወራሁላቸው፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምር እስኪመስለኝ። መጨረሻ ላይ ዓለማየሁ «እሷ ራሷ ስታስጎበኝ እንዴት ናት?» አለኝ።

አላየኋትም አልኩት።

ላይሽ እፈልጋለሁ፣ ናዝራዊት። ይቅር በይኝና አንድ ቀን ንገሪኝ፤ በፈለግሽው ካላንደር።

የምትሻገሪውን ወንዝ ሁሉ ያጉድልልሽ፤ አንቺንም የጫንሻቸውንም በሰላም ያግባችሁ።

አባትሽ
ሹፌር ተሻገር ኃይለማርያም