የእትዬ ታደለች 34 ቁጥር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። አሪቻ።

ዛሬም ለቀማ። የቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን፣ ነፍሳት የበላውን ፍሬ ማውጣት። ወገቤ የኔ አይደለም። ስሚ ደብተሬ፣ የሒሳብ ዲግሪዬ ዲላ፣ እናቴ ሳሎን፣ በመስታወት ተሰቅሏል። እኔ እዚህ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና አደርቃለሁ። ስሜም «ዲግሪ» ሆኗል። ዲግሪ ውኃ አምጪ። ዲግሪ ፕላስቲኩን ሳቢው።

ቅዳሜም ሎተሪው ለማንም አልወጣ። ሁለተኛ ጊዜ ተንከባለለ። እኛም አላሸነፍንም፣ ግን ገንዘቡ ስላደገ ስድስታችንም ደስ ብሎናል።

ላንቺ አላስረዳሁሽም። ከ1 እስከ 49 ካሉት ስድስት ቁጥር ትመርጫለሽ። ይርጋጨፌ መናኸሪያ በር ላይ ያለችው ሻጭ በትንሽ ማሽን ታትምልሻለች። ቅዳሜ 11 ሰዓት ዕጣ። ስድስቱንም ያገኘ ከሌለ ገንዘቡ እንዳለ ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ይዞራል። በቃ። የኛ ቁጥሮች የቡና አልጋዎቻችን ቁጥሮች ናቸው፤ ለያንዳንዳችን አንድ አልጋ። እኔ 33። እትዬ ታደለች 34። ሦስቱ የወናጎ እህትማማቾች 37፣ 39፣ 40። አስቴር 44።

አስቴር ብር አታዋጣም። የቤ/ክርስቲያን ዘማሪ ናት፣ ቁማር ነው ትላለች። ቁጥሯን ግን ሰጠች። የአልጋዬን ቁጥር መናገር ምን ኃጢአት አለው አለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

እትዬ ታደለች ዛሬ በግራ እጃቸው ብቻ ለቀሙ። ቀኙ ከትከሻ በላይ አልነሳ ብሏል።

ቡናው አይደለም የጎዳቸው። እንሰቱ ነው። ዕድሜ ልክ ጓሮ ቁጭ ብሎ በቀርከሃ መፋቅ። ከዚህ ሲመለሱም ይፍቃሉ፣ ቤት ቆጮ ይጠበቃል። ሐኪም እጅሽን አሳርፊ ብሏቸዋል። ሲነግሩን ይስቃሉ። እኔን አላሳቀኝም።

ትኬቱ ለዚህ ነው። ሃዋሳ እንሰት የሚፍቅ ማሽን ይሸጣል፣ በሞተር። ሰፈራቸው ወናጎ ላይ ቢተከል የሰፈሩ ሴት ይገላገላል፣ የሳቸውም እጅ ይተርፋል። ከቀን ሥራ ክፍያ ቆጥበን ሞከርን። የትም አልደረስን።

ሒሳቡ አትጫወቺ ይላል። አሥራ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ አማራጭ፣ ባንድ ትኬት። አውቃለሁ። ነግሬያቸዋለሁም። በሳምንት አንድ ትኬት፣ ከዚያ ወዲያ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ። ግን ሁለት ነገር ደግሞ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የልደት ቀኑን ይመርጣል፤ ወሩ 30 ላይ ያልቃል። የኛዎቹ በሙሉ ከ30 በላይ ናቸው። ዕድሉ አይጨምርም፤ ከወጣልን ግን ተካፋይ አይበዛብንም።

ሁለተኛው። የትኬቱን ጀርባ አነበብኩ፣ ያንን ደቃቅ ጽሑፍ። ገንዘቡ የሚንከባለለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በአራተኛው ዕጣ ስድስት ያገኘ ከጠፋ፣ ሙሉው አምስት ላገኙት ይወርዳል። ሻጯ ራሷ አታውቅም ነበር። አነበብኩላት። እንደ አስተማሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። 11፡30።

ከስድስት አንድ። 40 ብቻ። ትንሿ የወናጎ ልጅ ብቻዋን ያሸነፈች ይመስል ትንጎራደዳለች።

ተንከባለለ፣ ሦስተኛ። የሚመጣው ቅዳሜ አራተኛው ነው። ወይ ለስድስት ወይ ለአምስት፣ ገንዘቡ መውጣቱ አይቀርም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15።

ሱፐርቫይዘሩ በመንገዱ በኩል ሁለት አዲስ አልጋ አሠራ። ቆጠራው ከዚያ ስለሚጀምር የሁላችንም ቁጥር በሁለት ዘለለ። በየአልጋው አዲስ የእንጨት ቁጥር ሰሌዳ ተሰቀለ። አሮጌው ማገዶ ክምር ላይ ተጣለ። እኔ 35 ሆንኩ።

ከዚያ ጭቅጭቅ። ሎተሪው ላይ የቱ ይሞላ? ቁጥሩ የአልጋው ነው ወይስ የሴትዮዋ? ሙሉ ቀን። ለሒሳቡ ልዩነት የለውም ብላቸው ማን ይሰማኛል። በመጨረሻ እጅ አወጣን። አዲሱ አሸነፈ፣ አምስት ለአንድ። አንዷ እትዬ ታደለች ናቸው። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት 34 ላይ ነው የቆምኩት። 36 ማን ናት? አላውቃትም» አሉ። ቀኝ እጃቸው ስለማይነሳ ግራውን ነበር ያወጡት። ድምፅ ግን ድምፅ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ይ/ጨፌ፣ 10 ሰዓት።

ትኬት ተቆረጠ። በሩጫ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ በአልጋዎቹ መሃል እየሮጥኩ ከየሰሌዳው መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ሻጯ ከመዳፌ ገለበጠች። ያልታጠበ እጅ ያሸንፋል አለችኝ። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። 8 ሰዓት።

ጉድ ሆንኩ።

ምሳ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ይጮሃል፤ ጣቢያው ውስጥ ሁለት 34 አለ። አናጺውን ይራገማል። እኔ ትኬቱን አወጣሁ። 34፣ 35፣ 39፣ 41፣ 42፣ 46። 36 የለችም። የእትዬ ታደለች አልጋ ላይ ያነበብኩት 34 ነበር፣ እንዳለ ገለበጥኩት። ሽያጭ 6 ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

እህትማማቾቹ ወረዱብኝ። ዲግሪ ይዛ ስድስት ቁጥር መገልበጥ ያቃታት። ከዛሬ ወዲያ ትኬት አትቆርጪም። ማሽኑን ቀበርሽው። እውነታቸውን ነው። ደግሞ በትኬቱ ጀርባ ስኩራራ የከረምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ያ ሰሌዳ አዲስ አይደለም። ቀለሙ የለቀቀው አሮጌው ነው፣ ከማገዶው ክምር ተመልሶ የመጣ። ማን እንዳመጣው ገባኝ። እትዬ ታደለች አጎንብሰው ይለቅማሉ፣ ቀና አይሉም።

አልተናገርኩም። እጃቸው ያማቸዋል፣ ምላስ አልጨምርባቸውም። ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። 36 ከወጣች ግን እዚህ ጣቢያ የምቆምበት ፊት የለኝም።

ያው ቀን። 11 ሰዓት።

የሱፐርቫይዘሩ ስልክ ዕጣውን ከሬዲዮ እያሰማ፣ ድምፁ ተለቆ አልጋ ላይ ተቀምጧል። እየሰማሁ እጽፋለሁ።

17። የሰው ልደት። ስድስቱ ቀረ። አምስት ይበቃናል፣ ስድስቱ ለማንም ካልወጣ።

35። የኔ።

46። አስቴር ጆሮዋን ይዛለች፣ በጣቶቿ መሃል ግን ትሰማለች።

41። እህትማማቾቹ ተያያዙ።

39። አራት አለን። አንድ ቀረ። እነሱ 42 ይላሉ። እኔ 36 አትሁን እላለሁ፣ ሌላ ጸሎት የለኝም።

34።

ከዚያ እትዬ ታደለች ተነሱ። እጃቸውን አወጡ። ቀኙን፣ ከትከሻ በላይ፣ ፊታቸው በሕመም ተጨማዶ። «ሰሌዳውን የመለስኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን አትንኳት» አሉ።

ሁሉም ወደኔ እየሮጡ

እሑድ፣ ኅዳር 21።

ትናንት አቋረጥኩሽ። አቅፈው አነሱኝ፣ እስክሪብቶው ጠፋ።

ጠዋት ሻጯ ደወለች። ስድስት ያገኘ በአገሩ የለም። ገንዘቡ ለአምስቶቹ ወረደ። አምስት ያገኙት ሁለት ትኬቶች ብቻ ናቸው፣ አንዱ የኛ። የትኬቱ ጀርባ እንዳለው። ከ30 በላይ ማን ይመርጣል። የኛ ድርሻ ከማሽኑ ዋጋ አልፎ ይተርፋል።

ትልቋ እህት መጥታ ይቅርታ አለችኝ። ኮራሁ፣ ትንሽ አስለመንኳት፣ ከዚያ አቀፍኳት። እውነቱን ልንገርሽ ደብተሬ። ያሸነፈው ስህተቴ ነው። የትኬቱን ጀርባ ማንበቤ ደግሞ አራተኛውን ዕጣ እንድንጠብቅ አደረገን። ሁለቱንም በአንድ ወር ማድረግ ዲግሪ ይፈልጋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 29።

ገንዘቡ ባለፈው ሐሙስ እጃችን ገባ። አስቴር አልነካም አለች። 46 ባትወጣ አራት ብቻ ነበር የሚኖረን፣ ድርሻሽ ነው አልናት። ሦስት ቀን ጾማ ዛሬ መልስ ይዛ መጣች። ብሩን አትቀበልም። ማሽን ግን ኃጢአት የለበትም፣ ሞተሩን ጠዋት ጠዋት እኔ አስነሳለሁ አለች። ተስማማን። ድርሻዋ ለነዳጅ ይውላል፣ እሱን አልነገርናትም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10። ወናጎ።

ማሽኑ ተተከለ። እህትማማቾቹ ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ስር። አስቴር እየዘመረች አስነሳችው። የመጀመሪያው እንሰት የእትዬ ታደለች ነው። በቀርከሃ ቀኑን ሙሉ የሚወስደው፣ እትዬ ቁጭ ብለው አንድ ሙዝ ልጠው ሳይጨርሱ አለቀ። ሙዙን የላጡት በቀኝ እጃቸው ነው። የጎረቤት ሴቶች አጥሩ ላይ ተደርድረዋል፣ ተራ ይያዝልን ይላሉ። የተራውን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። «ዲግሪ የኔ መቼ ነው?» ይሉኛል። ስሙ ጣፈጠኝ። ለእናቴ ደውዬ አሁን ዲላ አልመለስም አልኳት።

ከሰዓት ትንሿ እህት የዚህን ሳምንት የትኬት ብር ሰብስባ መጣች። አዲስ ዙር ጀምሯል፣ ሁለት ጊዜ ተንከባሏል። ሁሉም እኔን ያያሉ። ቁጥሮቹን እንኳ መርጠዋል።

ብሩን ተቀበልኩ። መንገድ ተሻገርኩ። የወናጎውን ሎተሪ ሻጭ አልፌ ሱቁ ገባሁ። አንድ እፍኝ ሚስማር ገዛሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ያን አሮጌ ሰሌዳ ሰጥቶናል። ነገ ጠዋት ከሞተሩ በላይ እመታዋለሁ። 34 እንዲል።