ዘጠኝ ቀን በኪስዎ ስለቆየው ቴሌግራም

ለክቡር ጓድ ሙላው፣
ወደ ቡልጋሪያ የተላከው የምስጉን ገበሬዎች ጉብኝት ቡድን መሪ፣
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ከሶፊያ ያመጡት የቆዳ ካፖርትም ደኅና ናችሁ? የቆቦ ፀሐይ አናት ሲበሳ እሱን ለብሰው ሲያልፉ ስላየሁ ጤናዎ አሳስቦኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከዋጃ አልፌ የማላውቀውን የጎብዬ ማሽላ ገበሬ መርጠው አሥራ አምስት ቀን ባሕር ማዶ ስላስጎበኙኝ፣ ምስጋናዬን አገር ይስማው ብዬ ይህን ደብዳቤ በገበሬ ማኅበራችን ቢሮ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

1ኛ. እስላም መሆኔን እያወቁ በየማዕዱ የአሳማ ሥጋ ሲቀርብልኝ ዝም በማለትዎ፣ ደረቅ ዳቦ ስቆረጥም ሰንብቻለሁ። አልበላም ስል ደግሞ፣ ሥጋ አይቶ ስለማያውቅ ፈርቶ ነው ብለው ለጋባዦቻችን በአስተርጓሚ ስላስረዱልኝ፣ ክብሬን ጠብቀውልኛልና ውለታዎ አለብኝ።

2ኛ. ፓስፖርታችንን ሰብስበው ከሆቴል እንዳንወጣ በማዘዝዎ፣ እርስዎ ገበያ ውለው እስኪመለሱ አገሩን በመስኮት ጎብኝተናል።

3ኛ. ለፎቶግራፍ ብለው በረዶ ላይ ጫማዬን አስወልቀው ከትራክተር ጎን አቁመውኛል። ጫማ እኮ ነበረኝ! ሳሉ እስካሁን አለቀቀኝም። ፎቶው ግን አምሯል አሉ፤ ካፖርት ለብሰው መሃል ላይ ነዎት።

4ኛ. በጉብኝቱ በስድስተኛው ቀን ባለቤቴ ራህመት፣ እናትህ ኡሙልኸይር በጠና ታማለች፣ ስምህን እየጠራች ነው፣ ድረስ የሚል ቴሌግራም ላከች። እርስዎ ፈርመው ተቀበሉና ኪስዎ ከተቱት። በመጨረሻው ቀን ግብዣ ላይ የራያ ገበሬ እንዳይጎድልብዎ ነው። በማግሥቱ የታመመ ጓዳችን በአውሮፕላን ተመልሷል፤ ለእኔም ቦታ ነበር። ግብዣው ሲያበቃ፣ ቴሌግራሙ በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱን ሰጡኝ። እናቴ ከተቀበረች ሦስት ቀን አልፏት ነበር።

ለምን ብዬ ስጠይቅዎ፣ መርዶ በሰው አገር አይነገርም፣ ባህላችን ነው አሉኝ። ጎሽ፣ ባህል አዋቂ! ክቡር ሆይ፣ መርዶ ለሞተ ሰው ነው፤ እናቴ በሕይወት ነበረች። ስድስት ቀን ሙሉ በር በሩን ስታይ ከረመች። አፈር ያለበሳት የቀብር ማኅበራችን ቅሬው ነው፤ ከቃሬዛዋ ሥር የጎደለው የእኔ የልጇ ትከሻ ብቻ ነበር። ይህን እስክሞት አልረሳልዎትም።

ደግነትዎን በሳል እያስታወስኩ፣ ዕድሜና ጤና ከነካፖርትዎ እየተመኘሁ፣ እጅ የምነሳዎት እንግዳዎ፣
ከማሉዲን ይማም
ግልባጭ፦ ለቅሬያችን

ማስታወሻ፦ እናትዎ እማማ ተናኜ የቅሬያችን አባል ናቸው፤ ሰሞኑን አቅም አንሷቸዋል፤ ራህመት አጥሚት ታደርስላቸዋለች። እርስዎ ለሦስት ወር ስብሰባ አዲስ አበባ ሊወርዱ ነው ሲባል ሰማሁ። እሳቸው ቢብስባቸው መልእክቱን እንድልክልዎ ቅሬው የመረጠው እኔን ነው። አይስጉ፣ ስብሰባዎን አላውክም። የእኔም ኪስ እንደ እርስዎ ኪስ ሰፊ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ይይዛል።