«መኪና አያልበውም» ላሉን ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ የመንደራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳህን የሚያህሉ ሁለት የግድግዳ ቀዳዳዎች እንዲከፈቱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ እንዲሁም በሳሎንዎ ቀን ከሌት ያለ ዕረፍት የሚያገለግለው ኤርኮንዲሽነር እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎ እንደ ወትሮው የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ያልተረበሸ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከአንድ ሰው መጉደል በስተቀር ደህና ነን።

እኔ በሦስተኛው መስመር ጫፍ ላይ ያለው፣ ጋራዡ ወደ ምዕራብ የሚያይ ቤት ሁለተኛ ልጅ ነበርኩ፤ ካለፉት ሰባት ሳምንታት ወዲህ ብቸኛ ልጅ ነኝ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ደብዳቤ አጻጻፍ የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነውና ስሕተት ቢያገኙ በትዕግሥት እንዲያልፉኝ እለምናለሁ። በጋራዡ ውስጥ ፍሪጅ ይጠግን የነበረውና የሞተው ታላቅ ወንድሜ ነው። አሁን በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው አባታችን ነው። አባቴ ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ የጨረሰ፣ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ነው። ሰዎች ለወንድሜ ያመጧቸው ስድስት ፍሪጆች ሳይጠገኑ ስለቀሩ፣ የሰው አደራ ይዤ አልቀመጥም ብሎ ገባ። ጋራዡ እርስዎ እንዳዘዙት ድፍን እንዳለ ነው። ስለዚህ ስለ ቀዳዳ የጻፍኩ ቢመስልም የምለምንዎት አባቴን ነው።

ወደ ልመናው ከመድረሴ በፊት ግን፣ ማኅበሩ ለቤተሰባችን የዋለልን ውለታ ሳይመሰገን እንዳያልፍ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. ስለ በሩ ቀለም። እንደሚያውቁት የጋራዡ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል ብረት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ፊት ለፊት ትገጥመዋለች። ወንድሜ ሥራ የጀመረ ሰሞን በሩን በባዶ እጁ የነካ ሁሉ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከት ነበር። ስለዚህ ነጭ ቀባው። ነጭ ቀለም ፀሐይን እንደሚመልስ ስድስተኛ ክፍል ሳይደርሱ የሚማሩት ነገር ነው። እርስዎ ግን የመንደሩ በሮች ሁሉ ጥቁር ቡናማ መሆናቸውን አስታውሰው፣ አንድ ነጭ በር በመሃላቸው እንደ ለምጽ እንደሚታይ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ጻፉልን። በሳምንቱ ወደ ቡናማው ተመለሰ። ለውበት ያለዎትን ዓይን አደንቃለሁ። አባቴ በሩን የሚያነሳው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ግን በእርግጥ ያምራል።

፪. ስለ ቀዳዳዎቹ። ወንድሜን መንደሩ «በረዶው» ይለው ነበር፤ የመንደሩን ውሃ፣ ወተትና መድኃኒት ሲያቀዘቅዝ ሁለት ዓመት ኖሯል። በእኛ አየር ሰውን የሚጥለው ሙቀት ብቻ አይደለም፣ እርጥበቱ ነው፤ ያልደረቀ ላብ ከሰውነት ላይ የሚፈስ ውሃ እንጂ ላብ አይባልም ይለኝ ነበር። ስለዚህ ጥላ በሚውልበት ግድግዳ ግርጌ አንድ ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ከጣሪያው ሥር ሌላ ቀዳዳ አበጀ፤ በላይኛው ላይ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ቬንቲሌተር ገጠመ። ቀዝቃዛው በታች ይገባል፣ የጋለው በላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ውስጡ ሰው የሚቀመጥበት ሆነ፤ እኔም የቤት ሥራዬን እዚያ እሠራ ነበር።

ማኅበሩ ግን የመንደሩ ግድግዳዎች ወጥ መሆን አለባቸው አለ። ስብሰባችሁ ላይ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ ቀርበን፣ ከእርስዎና ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ፊት ቆምን። ክፍሉ በጣም ስለሚቀዘቅዝ አንዷ አባል ሻርፕ ደርበው እንደነበር አስታውሳለሁ። ወንድሜ ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ስለ እርጥበቱ ሊያስረዳዎ ሲሞክር እርስዎ ሳቅ ብለው፦

«ጋራዥ የመኪና ቤት ነው፤ መኪና አያልበውም» አሉት።

አባላቱ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ፣ ይህን ሁሉ ፍሪጅ ደርድሮ ሞቀኝ የሚል ሰው ዓይተው እንደማያውቁ፣ ከሞቀውም የሁሉንም በር ከፍቶ መሃል እንዲቀመጥ መከሩት። ወንድሜ ትልቅ ሰው የማያሳፍር ልጅ ነበር። ፍሪጅ ከሆዱ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው እንደሚተፋ፣ የሞተሩንም ግለት እንደሚጨምርበት፣ ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በሩ የተከፈተ ፍሪጅ ከምድጃ እንደማይሻል በትሕትና ነገረዎት። እርስዎም ትምህርቱን ለታናሽ ወንድሙ እንዲያስተምር አዘዙት። ትእዛዝዎ ተፈጽሟል፤ ተምሬያለሁ።

በማግስቱ ቀዳዳዎቹን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ቬንቲሌተሩን ሲፈታ እኔ አሸዋና ሲሚንቶ አቦካሁ፤ ጡብ ሰብሬ አስገባሁ፤ ልስኑን ደጋግሜ አለሰለስኩት። የቴክኒክ ኃላፊዎ ሊያረጋግጥ ሲመጣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና፣ ጎበዝ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ አልተውክም አለኝ። ደስ አለኝ። በግንብ ሥራ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነውና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

፫. ስለ ማድረቂያው። ወንድሜ ከአንድ የተጣለ ፍሪጅ አካላት አየር የሚያደርቅ ማሽን ሠርቶ ነበር። አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧዎች ላይ ያሳልፈዋል፤ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። በቀን አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ከባዶ አየር ይለቅም ነበር። ለሥራውም የግድ ነው፤ በፍሪጅ ቧንቧ ውስጥ አንዲት ጠብታ ከቀረች በረዶ ሆና ትዘጋዋለች። ውሃው በቀጭን ጎማ ወደ ውጭ ቦይ ይወርድ ነበር። የቴክኒክ ኃላፊዎ ይህችን ጎማ አይቶ፣ በግቢያችን ሕገወጥ የመኪና እጥበት እንደሚካሄድ ሪፖርት አቀረበ። መኪና የለንም። ኖሮንም አያውቅም። አባቴ ይህን ሊያስረዳ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሪፖርቱ በፋይሉ ውስጥ ጸና፣ ጎማዋም ተነሳች። ማሽኑን ግን አልከለከላችሁትም፤ ስለዚህ ቸርነታችሁ ወሰን እንዳለው ማንም አይናገር።

ክፋቱ፣ ይህም ማሽን ፍሪጅ ነውና ጀርባው ይግላል። ቀዳዳዎቹ እያሉ ግለቱ ይወጣ ነበር። ከተደፈኑ በኋላ ማሽኑ ሲሠራ ክፍሉ ይግላል፤ ሲጠፋ ላብ አይደርቅም። ወንድሜ ግማሽ ሰዓት እያበራ፣ ግማሽ ሰዓት እያጠፋ መሥራት ጀመረ። ማኅበሩ ለአንድ ወጣት ነጋ ጠባ የመምረጥ መብት መስጠቱ የሚያስመሰግነው ነው።

፬. ስለ መለኪያው። አቤቱታችን ሲበዛ፣ ሙቀቱ በባለሙያ ይለካ ብለው የቴክኒክ ኃላፊዎን መላክዎ አይዘነጋም። ኃላፊው የመጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በሩን እስከ ላይ አስነሳ፤ ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ፤ እናቴ ያቀረበችለትን ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ ሃያ ስድስት ዲግሪ ብሎ መዘገበ። ከሥሩም «ለሥራ እጅግ ተስማሚ» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከፊዚክስ መምህሬ ሁለት መለኪያ ተውሼ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሩ በተዘጋበት፣ አባቴ ሲበይድ አብሬው ቆምኩ። ሙቀት አርባ ሦስት፣ እርጥበት ስልሳ አምስት በመቶ። መምህሬ ቁጥሩን ሲያዩ፣ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቆማል አሉኝ። እኔ ባለሙያ ስላልሆንኩ ልኬቴ ከኃላፊው ልኬት ጋር እኩል እንዲታይ አልደፍርም።

፭. ስለ ተዘጋው በር። አሮጌ ፍሪጆች ለመንገደኛ ዓይን አይመቹም ብለው በሥራ ሰዓት በሩ ዝግ እንዲሆን፣ ይህን የጣሰም ሆነ ግድግዳውን ያለ ፈቃድ የነካ ሥራው እንዲታሸግ አባቴን አስፈርመውታል። አባቴ ፊርማውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ወንድሜም የእርሱ ልጅ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። ከእንዲህ ያለ ቀን የከፋ የለም፤ መሬቱ ራሱ ይተናል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፣ የወንድሜ አይሰማም። በሩን ሳነሳው የሚፈላ ድስት ክዳን እንደከፈተ ሰው ፊቴን መለስኩ። ጀርባውን ለአንድ ፍሪጅ ሰጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ደርቋል። ሁልጊዜ በላብ እንደተነከረ ስለማየው፣ ዛሬስ ማሽኑ ሠራለት፣ ተመስገን አልኩ። ግንባሩን ስነካው ግን ይፋጃል፤ አንዲት የላብ ጠብታ የለበትም።

«አጥፋው» አለኝ፤ ግማሽ ሰዓቱ ማለፉ ነው።

አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሐኪሙ በአንድ መስመር ጽፎታል፦ የሰውነት ሙቀት አርባ ሁለት ዲግሪ፣ የሞት ምክንያት በሙቀት መመታት። ወንድሜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ማስታወቂያ አስለጠፉ። አንደኛው ወንድሜ በቆየ የልብ ሕመም ማረፉን የሚገልጽ የሐዘን መልእክት ነው። ልቡን ታሞ አያውቅም፤ ፍሪጅ በጀርባው ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ልጅ ነበር። የሐኪሙን ወረቀት አባቴ ሲያመጣልዎ፣ ማስታወቂያው በፕላስቲክ ስለተለበጠ ለማረም እንደማይመች አስረዱት። ሁለተኛው ደግሞ ሙቀት ስለጨመረ ነዋሪዎች ውሃ እንዲጠጡና አየር በሌለበት ቦታ እንዳይቀመጡ የሚመክር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ባለጌዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ምክሩን ተቀብዬዋለሁ። አየር ያለበትን ቦታ እንዲያሳዩን ብቻ ነው የምጠይቀው።

ክቡር ሆይ፤

እናቴ ከወጥ ቤት እየወጣች በየአሥር ደቂቃው የጋራዡን በር ታንኳኳለች። አባቴ በመፍቻ ቧንቧ ላይ ሁለቴ መታ ያደርግላታል። እጁ ከብየዳው ጋር ተይዞ ከዘገየ ትሮጣለች። ከትናንት በስቲያ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷን ተላጠች፤ አባቴ ሲወጣ እየሳቀ፣ አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ልታድኚ መጥተሽ ራስሽን ልትሰብሪ ነው ወይ አላት። እርሷ አልሳቀችም። ፊቱን አይታ ነበር፤ ቀይ ነበር፣ ደረቅም ነበር። ውሃ አፈሰሰችበት።

ሥራ የሚበዛብዎ ሰው መሆንዎን ስለማውቅ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች ለመክፈት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሠራተኛ መቅጠር አያሻም፤ ድፍኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ መዶሻውን እኔ እይዛለሁ። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ነው። ፊርማዎ ሲዘጋ አንድ ቀን ብቻ እንደወሰደ አስታውሳለሁና ሲከፍት ወር እንዳይፈጅ አደራ። የመንደሩ ግድግዳ ወጥነት የሚያሳስብዎት ከሆነም በቀዳዳዎቹ ላይ ቡናማ ወንፊት እገጥማለሁ፤ ከመንገድ የሚያይ ሰው ውስጥ በሕይወት ያለ አባት መኖሩን ፈጽሞ አያውቅም።

ወንድሜን ነጭ በር ስለነፈጉት፣ እኔን የግንብ ሙያ ስላስተማሩኝ፣ እናቴንም ሩጫ ስላስለመዷት፣ በቤተሰቡ ስም ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜዎ ረዥም፣ ክፍልዎ ቀዝቃዛ፣ ግንባርዎም እስከ መጨረሻው ላብ የማይለየው እንዲሆን ከልብ የምመኝልዎ፣

ትሑት ጎረቤትዎ፣
የፍሪጅ ጠጋኙ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለቴክኒክ ኃላፊው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንዲያነቡት
ለኮሚቴው አባላት፣ ሻርፕ ለደረቡትም ጭምር
ለመንደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ያለ ፕላስቲክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ ያን ቀን ይበይደው የነበረው ፍሪጅ የማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። የመንደሩ ጥበቃ ጠዋት በጋሪ አምጥቶ፣ ባለቤቱ እንግዳ ስላለባቸው ለማታ ይድረስላቸው ብሎ ስም ሳይጠራ ነው የሄደው። ባለፈው ማክሰኞ ተመልሶ መጣና የሊቀመንበሩ ፍሪጅ አላለቀም ወይ ብሎ አባቴን ጠየቀው። አልቋል። ወንድሜ ወለሉ ላይ ከመቀመጡ በፊት ጨርሶት ነበር፤ አባቴ ፈትሾታል፣ ብየዳው አያፈስም። ለጥበቃው ግን አልሰጠነውም፤ መቀዝቀዙን ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ሳያይ ዕቃ ከጋራዡ አይወጣም የሚል ደንብ ወንድሜ ነበረው፣ እርስዎም ደንብ ያከብራሉ። ፍተሻው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡልን፤ በሩን እኔ ከውጭ እዘጋልዎታለሁ።