ላም ለተሳለበት ጣሳ ባለቤት

ይድረስ ለክቡር አባታችን ለአለቃ ክንፈ፣ የዋርካው ሚካኤል አስተዳዳሪ
መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1967 ዓ.ም.

እንደምን ሰንብተዋል? ጨጓራዎ እንዴት አደረልዎ? የጤና ጣቢያው ድሬሰር ያዘዘልዎ ወተት ተስማምቶዎት ፊትዎ ወዛ ወዛ ማለቱን ሰምተን፣ እኔና ባለቤቴ ወርቂቱ እጅግ ደስ ብሎናል። ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ሚካኤል ጤና አይንሣዎ።

መቼም አይረሱኝም። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ አገሩ በረኀብ ሲረግፍ፣ ከከተማው በታች በተተከለው የእርዳታ ድንኳን የሚታደለው የዱቄት ወተት የመናፍቃን ነው፣ ጾም ያስገድፋል፣ የጠጣም ሲሞት ፍትሐት አይደረግለትም ብለው ከደጀ ሰላሙ ላይ ያስነገሩኝ ዲያቆን አድማሴ ነኝ። ለዘመቻ የመጡት ተማሪዎች ማስታወቂያ በሚለጥፉበት ሰሌዳ ላይ ምስጋናዬን በግልጽ ማስፈሬን እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ከዲያቆናቱ ሁሉ የእኔን ድምፅ ስለ መረጡ አመሰግናለሁ። ድምፅህ ሩቅ ይሰማል ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው፤ ቤቴ ድረስ ተሰማ። በታመመ ሰው ላይ ጾም እንደማይጸና እርስዎም እኔም ተምረናል፤ እኔ ግን ከአገልግሎቴ እንዳይነቅሉኝ ፈርቼ አፌን ያዝሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ልጄ ስለ ሐረግ አመሰግናለሁ። ሰባት ዓመቷን ከጨረሰች ገና አራት ወሯ ስለ ነበር፣ ጾም የሚገባት ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ብላ ትኮራ ነበር። እናቷ አዋጁን ወደ ጎን ትታ፣ ሆዷ ያበጠውን ልጅ አዝላ ድንኳኑ ድረስ ወስዳት ወተቱ ተቀዳላት። ልጅቱ ግን አባቴ በሚካኤል ደጅ ከልክሏል ብላ ኩባያውን በገዛ እጇ መለሰች። ጎረቤታችን ዘይነባ አላህ መሐሪ ነው፣ አብሽሪ፣ እኔ ልጠየቅልሽ እያለች ብትለምናት፣ ወርቂቱም መሬት ላይ ተንበርክካ ብታለቅስባት አሻፈረኝ አለች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። እርስዎም ፍትሐቱን ራስዎ መርተው፣ የእምነት ምሳሌ ናት ብለው አመሰገኗት፤ በአርባው ቀንም እህል በሌለበት አገር ተዝካሯን አለመደገሳችንን በትሕትና አስታወሱን። ይህን ውለታ እንዴት እንረሳዋለን?

ሦስተኛውን ካለፈው እሑድ ወዲህ ስጽፍና ስሰርዝ ሰነበትሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ አንገቱ የተሰበረው ቅል በዚህ ይተካ ብለው፣ ለጠበል መቅጃ የሚሆን ባዶ ጣሳ በእጄ ሰጡኝ። ላም ተስሎበታል። ድንኳኑ ውስጥ ተደርድሮ ያየሁት ያው ጣሳ ነው። ውስጡን ባሸተው ገና ወተት ወተት ይላል። ጾሙ ገና ነው፣ አባታችን! ለካ ፈቃድ የሚባል ነገር ነበረ። ለካ ቀኖናው ለታመመ ይራራ ኖሯል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኸው ነው። ተማሪዎቹ በጠሩት ስብሰባ ላይም ሃይማኖትና አዲስ ዘመን አይጣሉም፣ ጾምም እንደ ሰው አቅም ይታያል ብለው ሲናገሩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ። ምነው ይህ ዕውቀት ዓመት ቀድሞ በመጣልዎ!

ስለዚህ ውለታዎን በዚያው በመረጡት ድምፅ ልመልስ ቆርጫለሁ። በሆሳዕና ዕለት፣ ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ሲወጣ፣ ከዚያው ከደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ፣ ዘንድሮ በጾም የጠጡትን ወተትና አምና የከለከሉትን ወተት አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ የእኔንም ዝምታ አልደብቅም። ከአገልግሎት እንደሚነቅሉኝ አውቃለሁ። አሁን አልፈራዎትም።

ድምፁን ለእርስዎ፣ ልጁን ለድምፁ የሰጠ፣ የጤናዎ ወሬ ናፋቂና የመስቀልዎ ተሳላሚ፣
ዲያቆን አድማሴ

ግልባጭ፦ ለቅዱስ ሚካኤል

ሳልረሳው፦ ጣሳውን ከጠበል ቤት እንዳያስፈልጉት። ወርቂቱ ወስዳ በሐረግ መቃብር ራስጌ አስቀምጣዋለች። የሚፈልገው ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ልጅቱን ያስፈቅድ። ከዚያች ኩባያ በቀር ልመና የማታሳፍር ልጅ ነበረች፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሄጄ ይቅር እንድትለኝ ለምኛት እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።