ሁሉም መስመር የሚያልፍበት ፌርማታ

ውድ እንዝርት፣

ይህን ስም ያወጣልህ አባባ ነው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አንድ ቦታ አትረጋምና። ዛሬም አልተሻለህም። በሁለት ዓመት ሦስት ቤት ቀየርክ፤ የእኔን ስልክ ማንሳት ግን እንደ ተራራ ከብዶሃል።

መቼም ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ የምንጫወተውን አትረሳውም። አባባ በጠመኔ አሥር ክብ ይስልና በመስመር ያገናኛቸዋል። አንተ ሌባ፣ እኔ ፖሊስ፤ አንድ እርምጃ አንተ፣ አንድ እርምጃ እኔ። የእኛ አባት የአውቶቡስ ሥምሪት ሠራተኛ ነበርና፣ በየተራው ጥቂቱን መስመር በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቶ ሌላ ይስላል። "መንገድ እንደ ሰው ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም" ይለን ነበር። መስመሮቹ በየአራት ተራው እንደሚደጋገሙ ቀድመህ የደረስክበት አንተ ነህ። እኔ አንተ ወዳለህበት ስሮጥ፣ አንተ መስመሩ ሊጠፋ ሲል ትሻገርና ከማዶ ሆነህ ምላስህን ታወጣብኛለህ። እንዴት ታቃጥለኝ ነበር!

አባባ ጡረታ ሲወጣ እኔ ወንበሩን ወረስኩ፣ አንተ መሪ ጨበጥክ። ከዚያ የጋራዡን በር የገጨህበት ቀን መጣ። ሪፖርቱ ላይ "በፍጥነት ሲነዳ" ብዬ የጻፍኩት ወንድሟን ሸፈነች እንዳልባል ፈርቼ ነው። እንዝርት፣ ፍጥነትህን አላየሁም። ድምፁን ሰምቼ ነው የወጣሁት። "ፍሬኑ እምቢ አለኝ" ስትል ቀና ብዬ እንኳ አላየሁህም። ሦስት ወር ታገድክ። ሻንጣህን አንጠልጥለህ "አንቺ እህቴ ነሽ ወይስ አለቃዬ? ሁለተኛ አንቺ ያለሽበትን ደጅ አልረግጥም" አልከኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእኔም ሪፖርት እንደዚያው ሆነ።

ተተኪ ሹፌር ሆነህ ስትመለስ፣ በየቀኑ በሌላ መስመር ስትወጣ፣ አራት ጊዜ ፌርማታ ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። አራት ጊዜም ሌላ ሹፌር መጣ። በመጨረሻ ያ ወፍራሙ ትኬት ቆራጭ አዘነልኝ መሰል፣

"እትዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሥምሪቱን ስትለጥፊ የራስሽንም ፈረቃ አብረሽ ትለጥፊያለሽኮ። እሱ መጀመሪያ የሚያነበው ያንቺን ነው፤ ከዚያ ተራውን ይቀያየራል" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። የፖሊሱን መንገድ ለሌባው ስነግረው የከረምኩት ራሴ ነኝ።

አሁን ግን ስማኝ። ሐኪሙ በአባባ ዓይን የቀረው ብርሃን ከአንድ ወር አያልፍም ብሏል። አባባ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ። "የልጄን ፊት ሳላይ አይጨልምብኝ" ነው የሚለው፣ ሌላ ነገር አይልም።

ትናንት ለኃላፊው ያላየሁትን እንደጻፍኩ በፊርማዬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። እስኪወሰንብኝ ድረስ ታግጃለሁ፤ ይገባኛል። ከመውጣቴ በፊት ግን የመጨረሻውን ሥምሪት ሠርቼ ነው የወጣሁት። ዋናው መንገድ ስለሚቆፈር መስመሮቹ መቀየር ነበረባቸው። ከሰኞ ጀምሮ ተተኪ ሹፌር የሚመደብባቸው ስድስቱም መስመሮች በቤታችን ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ ያልፋሉ። ከፈለግከው ሰው ጋር ተራ ተቀያየር፤ በዚያ ማለፍህ አይቀርም።

አባባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቡናማ ኮቱን ይለብሳል። እሱ አያሳድድህም፤ ይጠብቅሃል። በዚያ ሁሉ ዓመት ጨዋታ እኔ ያልገባኝ ይህ ነበር።

የእኔን ፈረቃ በመፈለግ አትድከም። በወረቀቱ ላይ ስሜ የለም፣ እኔም አክስታችን ዘንድ ሄጃለሁ። የራሴን መስመር በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቻለሁ።

ተራው ያንተ ነው።

ፖሊስነቷን የተወች
እህትህ